ነፍስ እስኪያውቅ ድረስ፤ አድነውና ለቅመው የሚያድሩ ሕዝቦች የልጅን ጥፋት እንዴት እንደሚመለከቱ የተነገረ ዲስኩር



ነገሬን ከአንድ ከበሮ ልጀምር። በ1633 ዓ.ም. (ዛሬ የምጠራቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ፈረንሳውያን በቅዱስ ሎውረንስ ወንዝ ዳር በቈረቈሯት በኬቤክ አንድ ፈረንሳዊ ብላቴና ከበሮ ሲመታ፣ የዚያ ዱር ባለቤቶች ከሆኑት አዳኝ ሕዝቦች ወገን የሆነ አንድ ሰው፣ ነገሩ ብርቅ ሆኖበት፣ ቀረብ ብሎ አተኵሮ ይመለከተው ነበር። ብላቴናውም ምን ሰይጣን እንደ ገፋፋው እንጃ፣ በከበሮው መምቻ ሰውዬውን መታውና ክፉኛ አደማው። የቈሰለው ሰው ወገኖች ተሰብስበው ወደ ፈረንሳውያኑ አስተርጓሚ በመሄድ፣ እንደ አገራቸው ሥርዓት የደሙ ካሣ እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ አስተርጓሚውም በእኛ ዘንድ ያጠፋ ሰው ይቀጣል እንጂ ስለ ጥፋቱ እጅ መንሻ አይሰጥም፣ ስለዚህ ልጁን እዚሁ በፊታችሁ እንገርፈዋለን ሲል መለሰላቸው። ልጁ ቀርቦ መግረፊያው በተዘጋጀ ጊዜ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ከሳሾቹ ራሳቸው አማላጆች ሆኑ፤ ሕፃን ነው፣ ነፍስ አላወቀም፣ የሚሠራውን አያውቅም እያሉ ይለምኑ ጀመር፤ ልመናቸውም ባልተሰማ ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ ልብሱን አውልቆ ራቁቱን ከቆመ በኋላ መደረቢያውን በልጁ ላይ ጣል አድርጎ፣ መምታት የሚፈልግ እኔን ይምታ፣ ይህን ልጅ ግን አይነካውም አለ። ብላቴናውም በዚህ ዓይነት ከግርፋት ዳነ።

ይህን ታሪክ ጽፎ ያቈየልን ፖል ለ ዠን የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነው። ዘመኑን ልብ በሉልኝ፤ ዐፄ ፋሲለደስ የዚሁኑ ማኅበር ካህናት ከቤተ መንግሥታቸው አርቀው ወደ ፍሬሞና የሰደዱበት ያው ዓመት ነውና፣ ማኅበሩ በዚያ ወራት በዓለም ሁለት ዳርቻ ሁለት ዓይነት እንቢታ ይሰማ ነበር ማለት ነው። ለ ዠን የዚያን ዓመት ክረምት ከእነዚሁ አዳኞች ከአንዱ ጭፍራ ጋር በበረዶና በረኃብ መካከል ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲንከራተት ከርሞ፣ እርስ በርሳቸው አለመቈጣታቸውን በአድናቆት መዘገበ፤ ልጅ ሲቀጣ ለማየት አንጀታቸው አለመቻሉን ግን እንደ ብርቱ ጕድለት ቈጠረው፤ ከዚህም የተነሣ ልጆቻቸውን ማስተማር የሚቻለው ከወላጆቻቸው ዐይን ርቀው ቢቀመጡ ነው የሚል አሳብ ለበላዮቹ አቀረበ። ያው አሳብ በሌሎች እጅና በሌላ ዘመን ተመልሶ መጣ፤ በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዓመት በካናዳ በቆሙት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ከ150,000 የሚበልጡ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከእናት ከአባታቸው ተነጥለው ገብተው፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ስለ ተናገሩ እንኳ የተገረፉት ጥቂቶች አልነበሩም፤ የአገሩ መንግሥትም ስለዚህ በ2008 ዓ.ም. በሸንጎው ፊት ይቅርታ ጠየቀ። ነገሩ ለብቻው ሰፊ ሐተታ የሚፈልግ ስለ ሆነ እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

«ነፍስ አላወቀም» ያልሁት የእኔ ትርጓሜ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ የቀረበ ቃል አላገኘሁም። በእኛም ቋንቋ ልጅ ልጅነቱን የሚጨርሰው ነፍስ ሲያውቅ፣ ልብ ሲገዛ ነው፤ ልብን እንደ ዕቃ ከውጭ ገዝቶ እንደሚያስገባ ሁሉ፣ ሲወለድ ይዞት እንዳልመጣ ቋንቋችን አሳምሮ ይመሰክራል። ሆኖም ይህንኑ ምስክርነት እየሰጠን፣ የቁንጥጫውን፣ የአለንጋውንና የበርበሬውን ጢስ ትዝታ ያልያዘ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ አይገኝም ብዬ እገምታለሁ፤ የጠቢቡ ሰሎሞን መጽሐፍ ስለ በትር የተናገረውንም የአገራችን አባት ሁሉ፣ ፊደል ያልቈጠረው ሳይቀር፣ በቃሉ ያውቀዋል። እኛ ልጁ ነፍስ እንዲያውቅ እንመታዋለን፤ እነዚያ ነፍስ ስላላወቀ አይመቱትም። ከአንድ ዕውቀት እንዴት ሁለት ተቃራኒ ፍርድ ሊወጣ ቻለ? የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው።

ለመልሱ ወደ ሰሜን ዋልታ መቅረብ አለብን። ጂን ብሪግስ የምትባል የሰብእ ጥናት ሊቅ፣ በ1963 ዓ.ም.፣ ቀድሞ ኤስኪሞ እንላቸው ከነበሩት ከኢኑይት ሕዝቦች አንዱ ወገን ወደሆኑት ወደ ኡትኩ ሰዎች ሄደች። እነዚህ ሰዎች ባክ የሚባለው ወንዝ ወደ ሰሜኑ ባሕር በሚገባበት ስፍራ ዓሣ እያጠመዱና የበረዶ አገር አጋዘን እያደኑ የሚኖሩ፣ ቍጥራቸው ከሠላሳ አምስት የማይበልጥ፣ በዙሪያቸው በብዙ ቀን መንገድ ሌላ ጎረቤት የሌላቸው ነበሩ። አንድ አባት እንደ ልጁ አድርጎ ተቀበላት፤ ከሚስቱና ከልጆቹም ጋር በአንድ የበረዶ ጎጆ ውስጥ፣ በአንድ መደብ ላይ፣ ጎን ለጎን ተኝታ ክረምቱን አሳለፈች። በ1970 ዓ.ም. ያሳተመችው መጽሐፍ ከአርእስቱ ጀምሮ ስለ ቍጣ መታጣት የሚናገር ነው፤ በእርግጥም በዚያች ጎጆ ውስጥ በልጅ ላይ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ አዋቂ አላገኘችም።

የኡትኩ ሰዎች ለዚህ ጠባያቸው ማብራሪያ የሚሰጡበት «ኢሁማ» የሚሉት ቃል አላቸው። ኢሁማ ልቡና ነው፤ አእምሮ፣ ማስተዋል፣ ማስታወስና ራስን መግዛት ሁሉ በአንድነት ይገኙበታል። ሕፃን ኢሁማ የለውም፤ ስለሌለውም ይቈጣል፣ ይፈራል፣ ያለቅሳል፣ የሰጡትን አይቀበልም፣ የከለከሉትን ይነጥቃል፤ ጊዜው ሲደርስ ግን ቁመቱ እንደሚያድግ ኢሁማውም ያድጋል። እንግዲህ ገና የሌለውን ልብ ልጁ ለምን አላሳየም ብሎ በእርሱ ላይ መቈጣት፣ በእነርሱ ዘንድ፣ ጥርስ ያላበቀለውን ሕፃን ለምን ሥጋ አላኘክም ብሎ እንደ መክሰስ ይቈጠራል። ነገሩ በዚህ አያበቃም። በልጅ ላይ የሚጮህ አዋቂ እርሱ ራሱ ልብ እንደሌለው፣ ሕፃን እንደ መሰለ ይታያል፤ በጩኸቱ ቅጽበት አባትነቱን ጥሎ ከልጁ ጋር እኩል ወርዷልና። ለእኛ አለንጋ ያነሣ አባት ግርማ ያለው ነው፤ ለኡትኩ ሰው ግን የሚያሳፍር ነው። (ኢሁማ ከልክ ሲያልፍም እንደማይወደድ ብሪግስ ጽፋለች፤ በአንድ አሳብ ላይ ተክዞ የሚቀር ሰው ለጎረቤቶቹ የሚያስፈራ ነውና። ይህን ስታነብ የሚያኮርፉ ዘመዶቹ ትዝ የማይሉት ሰው ያለ አይመስለኝም።)

ብሪግስ በገባችበት ቤት የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። የምትወደድ፣ የምትፈነድቅ፣ እንቢ ስትል ጎጆውን በጩኸት የምትሞላ ናት፤ ከዓሣው የምትወደውን ብልት ብትጠይቅ ይሰጣታል፣ ብትጥለውም አይገሥጿትም። ከዚያ ግን ታናሽ እኅት ተወለደችባት፤ የእናት ጡትና የእናት ጀርባ፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ርስቷ የነበሩት፣ ለሌላ ተሰጡ። ታናሽ የተወለደበት ልጅ መከራ በእኛ አገር ለማንም አዲስ አይደለም። ልጅቱ ጮኸች፣ እጅዋን ሰነዘረች፤ እናቲቱ ግን ድምፅዋን ዝቅ እንዳደረገች፣ አዲሷን ሕፃን ከመከለል በቀር የቀድሞዋን አልተቈጣችም፤ ከዚያም እያደረ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ጩኸቱ የሚያስገኘው ነገር እየቀነሰ ሄደ። ቀድሞ ሲያለቅስ የሚታቀፈው ልጅ አሁን ሲያለቅስ ዝም ይባላል። ማንም አይመታውም፣ ማንም አይሰድበውም፤ ለቅሶው ግን እንደ ነፋስ ድምፅ ሆኖ ይታለፋል። ልጁ ጥቂት ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያኮርፋል፤ ኋላም ተነሥቶ ይጫወታል። ይህን ለስላሳ አስተዳደግ ነው ብሎ የሚያመሰግን ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አልስማማም፤ ከዚያ ዝምታ ይልቅ ቁንጥጫ የሚቀለው ልጅ ሊኖር ይችላልና።

ብሪግስ ቈይታ ደግሞ ባፊን በተባለችው ታላቅ ደሴት በሌላ የኢኑይት ሰፈር ተቀመጠች፤ በ1998 ዓ.ም. ያወጣችው መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በአንዲት የሦስት ዓመት ልጅና በአዋቂዎች መካከል ስለሚደረግ ጨዋታ ነው። እዚህ ላይ እናቶችን አትደንግጡብኝ እላለሁ። አንዲት ሴት አንዲት ትንሽ ልጅ በእቅፏ አድርጋ፣ እየሣቀች፣ ድምፅዋንም እያቃለለች፣ «ለምን ታናሽ ወንድምሽን አትገድይውም?» ብላ ትጠይቃታለች። ሌላው ደግሞ የልጅቱን አዲስ ልብስ እየዳሰሰ፣ አንቺ ሙችና ልብሱን እኔ ልውሰደው ይላታል። ሌላው፣ ሕፃን ነሽ? አባትሽ ወዴት ነው? ማንስ ይወድሻል? ይላል። ልጅቱ ትደናገጣለች፣ ታስባለች፣ አንዳንዴ ታለቅሳለች፣ አንዳንዴ እሺ ብላ ትነሣለች፤ አዋቂዎቹም ይሥቃሉ እንጂ የምትመልሰውን ትክክለኛ መልስ አይነግሯትም። በማግሥቱ ጥያቄው ይደገማል። ምሥጢሩ እንዲህ ነው፤ ልጅቱ በወንድሟ መቅናቷን አይተዋል፤ ቅናቱን በተግሣጽ ከመጨፍለቅ ይልቅ አውጥተው ከፊቷ ያስቀምጡትና ራሷ እንድትመረምረው ይተዋሉ፤ ብትገድለው ምን ይሆናል የሚለውን መከራ በአሳቧ እየቀመሰች፣ ወንድሟን እንደምትወደው ጭምር ታገኘዋለች። ጥያቄው መሣቂያ መሆኑን ያወቀችና ሳትደናገጥ በሣቅ የምትመልስ ዕለት ጨዋታው ይቀራል፤ ኢሁማ መጥቷልና።

እኛም እኮ ከዚህ ፈጽሞ ባዶ አይደለንም። እናትሽን ነው አባትሽን የምትወጂው? ይህን ሕፃን በጆንያ ከትቼ ልውሰደው? እያልን በቡና ሰዓት ሕፃናትን የማናስጨንቅ እንደ ሆነ ንገሩኝ። ልዩነቱ እኛ ለመሣቅ ብቻ እንጠይቃለን፤ ከዚያ ልጁ የእንግዳውን ስኒ ሲሰብር ለዚያ የምንጠብቀው ሌላ መሣሪያ አለን።

ኢኑይቶቹ ለአደጋ ደግሞ ተረት አላቸው። ከባሕሩ በረዶ ሥር ቃሉፒሉክ የሚባል አረመኔ ፍጥረት ይኖራል፤ ብቻውን ወደ ውሃው ዳር የሚቀርበውን ሕፃን ልጅ በሚታዘልበት ልብሱ ውስጥ ከትቶ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። በክረምቱ ሌሊት ሰማይ ላይ የሚወዛወዘው ብርሃንም ያለ ቆብ የወጣውን ልጅ ራሱን ቈርጦ እንደ ኳስ ይጫወትበታል። በዚያ ብርድ ቆብ ያላደረገ ልጅ ጆሮው በረዶ መትቶት እንደሚቀር፣ የበረዶው ዳርም ተሰብሮ ልጅን እንደሚውጥ የሚያውቅ ሰው፣ ይህን ተረት እንደ ውሸት አይቈጥረውም። እኛ አያ ጅቦን ለምን እንደ ፈጠርነው የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል፤ ነገር ግን አንድ ጥቅም አለው፤ የሚያስፈራው ፍጥረት ከበረዶው ሥር ስለ ሆነ የእናት ፊት አያስፈራም።

አሁን ከበረዶው ወደ አሸዋው እንውረድ። በቦትስዋናና በናሚቢያ ድንበር፣ በካላሃሪ ምድረ በዳ፣ ኩንግ የሚባሉት፣ ራሳቸውን ግን ጁሆአንሲ ብለው የሚጠሩት ሕዝቦች ይኖራሉ። ፓትሪሽያ ድሬፐር በ1960ዎቹ መጨረሻ በዚያ ስትቀመጥ ያየችው የሰፈራቸው አሠራር ራሱ ማስተማሪያ ነበር፤ ጎጆዎቹ ፊታቸውን ወደ መካከል አድርገው በክብ ይቆሙ ነበር፤ ጎጆው ለዕቃ እንጂ ለመኖሪያ አልነበረምና ሰው ሁሉ ከደጅ በእሳቱ ዙሪያ ይውል ነበር፤ አዋቂውም በየቀኑ ለአደን ለለቀማ አይወጣም ነበርና፣ ልጅ ከዐይን የሚሰወርበት ጊዜ አልነበረም። ሁለት ልጆች መጣላት ሲጀምሩ፣ ነገሩ ወደ ጡጫ ሳይደርስ፣ አንዱ አዋቂ ተነሥቶ አንደኛውን በእጁ ይዞ ወደ ሌላ ወገን ይወስደዋል፤ ስብከት የለም፣ ማን ጀመረ የሚል ምርመራም የለም። ልጅ በእናቱ ላይ ሲቈጣና ሲመታት፣ ወይም ያገኘውን ሁሉ ሲወረውርባት፣ እናቲቱ ምቱን እየመከተች ከጎረቤቷ ጋር ወሬዋን ትቀጥላለች። ልጁ ይደክመዋል፤ ቍጣ ምንም እንደማያስገኝ ከዚያ ይማራል። ለምን አልተቈጣችሁም ቢባሉ፣ እነርሱም እንደ ኡትኩ፣ ልብ የለውም፣ ሲያድግ ይመጣለታል ይላሉ።

ዳሩ ግን ነገርን አሳምሮ ማቅረብ የጸሓፊ ፈተና ነውና፣ ለእውነት ስል የሚቃረነውንም ልናገር። ማርጆሪ ሾስታክ በ1981 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ ሕይወቷን ያወራችላት ኒሳ የተባለችው የዚሁ ሕዝብ ሴት፣ በልጅነቷ ጡት አልተውም ብላ፣ ምግብም ሰርቃ፣ መመታቷን በምሬት አስታውሳለች፤ ሾስታክ ትዝታው የተጋነነ ሊሆን እንደሚችል ብታስጠነቅቅም፣ የልጅ ልብ የሚይዘው ከተመልካች መዝገብ የተለየ መሆኑን አሳይታናለች። በኢቱሪ ደን የሚኖሩት የምቡቲ ሕዝቦችም፣ ኮሊን ተርንቡል በ1961 ዓ.ም. እንደ ጻፈው፣ ሲያስፈልግ በጥፊ ከማለት አይመለሱም፤ እዚያ ልጅ የወላጆቹን እኩዮች ሁሉ እናቴ አባቴ ይላልና፣ ጥፊውም እንደ እንክብካቤው ከማንም ሊመጣ ይችላል። በአንጻሩ በማዕከላዊ አፍሪካ ባሉት በአካ ሕዝቦች ዘንድ፣ ባሪ ሂውለት እንደ ዘገበው፣ ከባልና ሚስት አንዱ ሕፃኑን ቢመታ ሌላው ፍቺ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ያገኛል። በታንዛንያ በኤያሲ ሐይቅ ዙሪያ ያሉት የሐድዛ ወላጆች ደግሞ ከኩንግ ይልቅ ያዝዛሉ፣ ይጮሃሉ፣ አልፎ አልፎም ይመታሉ። እንግዲህ አዳኝ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚለውን ትምህርት እንተወው።

ይልቁንስ የሐድዛን ነገር ጠጋ ብለን ብንመለከተው የጥያቄያችን መልስ ብልጭ ይልልናል። በሐድዛ አገር ልጅ ከሰፈር ሳይርቅ ፍሬ ለቅሞ፣ ሥር ቈፍሮ ማምጣት ይችላል፤ በኩንግ አገር ግን ምግቡ ከውሃው የራቀ፣ ምድሩም ወጥና ምልክት የሌለው ስለ ሆነ፣ ልጅ ብቻውን ቢወጣ ጠፍቶ ይቀራል፤ ስለዚህ ይቀመጣል፣ ይጫወታል። ሐድዛው ልጁን ያዝዛል፣ የሚያዝዘው ሥራ አለውና፤ ኩንጉ አያዝዝም፣ የሚያዝዘው የለውምና። ድሬፐር ይህንኑ በሌላ መንገድ አየችው፤ ከኩንግ አንዳንዶቹ ዘላንነታቸውን ትተው ከከብት አርቢዎች አጠገብ ሰፍረው ፍየልና ማሳ በያዙ ጊዜ፣ ልጆቻቸው ውሃ ቅዱ፣ ከብት ጠብቁ፣ ሕፃን ያዙ መባል ጀመሩ። ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት፣ ባሪ፣ ቻይልድና ቤከን፣ በ1959 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ አህጉር የተሰበሰበ መዝገብ አነጻጽረው፣ ሀብታቸው በጎተራና በበረት የተከማቸ ሕዝቦች ልጆቻቸውን በመታዘዝና በኀላፊነት ሲያሳድጉ፣ የዕለቱን በዕለቱ አድነው የሚበሉት ግን በራስ መተማመንን እንደሚያበረቱ አሳዩ።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን እንመለስና አንድ የሰባት ዓመት እረኛ እናስብ። ላሚቱ ከጎረቤት ጤፍ ውስጥ የገባች እንደ ሆነ፣ ልጁ ሲጫወት ወይም ዋሽንት ሲነፋ ስለ ዘነጋ፣ የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ቀለብ በአንድ ቀትር ይጠፋል፤ ከዚያም ካሣ፣ ከዚያም ጠብ፣ አንዳንዴም ደም ይከተላል። አባትየው ልጁን የሚገርፈው ከኩንጉ አባት ይልቅ ልበ ደንዳና ሆኖ አይደለም። ከልጁ ትከሻ በላይ የሆነ ሸክም ጭኖበታልና፣ ሸክሙ እንዳይወድቅበት በአለንጋ ይደግፈዋል። ኩንጉ ልጁን ሙሉ ቀን በሣቅ ሊታገሠው የቻለው፣ ልጁ ቢያጠፋ የሚጠፋ ጎተራ ስለሌለው ነው። ስለዚህ የከተማ ወላጅ የእነዚህን ሕዝቦች ታሪክ አንብቦ የገጠሩን አባት ሲያወግዝ ስሰማ ደስ አይለኝም፤ ይልቅ ራሱን ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ እርሱ በረትም ማሳም የለውም፤ ልጁ ያጠፋበት ቢበዛ ስኒ ነው።

አዳኞቹን ፍለጋ እስከ ካላሃሪ መሄድ ግድ አልነበረም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ የቻቡ ሕዝቦች አሉ፤ ሳሙኤል ጅሎ የተባሉ የአገራችን ተመራማሪ ከላይ ከጠቀስሁት ከሂውለት ጋር ሆነው የቻቡ ወጣቶች በጦር ማደንን እንዴት እንደሚማሩ በ2016 ዓ.ም. ጽፈዋል። ጽሑፉን እንድታነቡት ከመምከር በቀር እዚህ ልዘረዝረው ጊዜው አይፈቅድልኝም።

የቀረኝ የብሪግስ የራሷ ታሪክ ነው። ከኡትኩ ሰዎች ጋር መኖር ከጀመረች በኋላ፣ በበጋ፣ ነጮች ዓሣ አስጋሪዎች በአውሮፕላን እየመጡ የሰዎቹን ታንኳዎች ይዋሱ ነበር። አንዱን ታንኳ ሰበሩት፤ ከዚያ ሁለተኛውን ጠየቁ። እንደ ልጁ የተቀበላት አባት እንደ ልማዱ እሺ ሊል ሲል፣ እርሷ ግን ደሟ ፈላ፤ በእንግሊዝኛ ነጮቹን ገሠጸች፣ ያለዚያ ታንኳ ሕዝቡ እንደሚራብ ነገረቻቸው፣ ድምፅዋም ተንቀጠቀጠ። ለእነርሱ የተሟገተች መስሏት ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ሰዎቹ ከእርሷ ራቁ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ ዓሣዋን ያመጡላታል፣ ብትጠይቅ በፈገግታ ይመልሱላታል፤ ሊጠይቃት የሚመጣ፣ አጠገቧ ተቀምጦ የሚያወጋት ግን አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ያለፋት የተማረች ሴት፣ ለቅሶው እንደ ነፋስ ድምፅ የሚታለፍ ሕፃን ሆነች። ሦስት ወር ያህል እንዲህ ኖረች። በመጨረሻም በሩቅ መንደር የምትኖር፣ የሁለቱንም ወገን ጠባይ የምታውቅ አንዲት የኢኑይት ሴት ለቤተ ሰቡ ደብዳቤ ጻፈች፤ ይህች ነጭ የተቈጣችው ስለ እናንተ ታንኳ አዝና ነው አለቻቸው። ደብዳቤው ተነበበ፤ ሰዎቹም ስለ ነገሩ አንዲት ቃል ሳያነሡ፣ እንደ ቀድሞው መጥተው ከአጠገቧ ተቀመጡ።